ስልኩ ያስታውሳል፤ ክኒኑ ግን ለምን ይቋረጣል?

ሰሞኑን የጤና አፕ ወሬ በዝቷል። ክኒን መዋጫ ሰዓት ሲደርስ የሚጮኸውም፣ የግፊት ልኬት የሚመዘግበውም፣ ጣትን ካሜራ ላይ አስቀምጠው ግፊትዎን ይወቁ የሚለውም በአንድ ስም ይጠራል። ክርክሩም እንደዚያው ተደበላልቋል። አንዱ ወገን ስልክ የያዘ ሰው ከእንግዲህ መድኃኒቱን አይረሳም ይላል። ሌላው ደግሞ ነገሩ የከተማ ሰው ጨዋታ ነው፣ ገጠር ያሉትን እናት አይመለከትም ብሎ ይዘጋዋል።

ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አለ። ሰው የግፊት መድኃኒቱን የሚተወው ረስቶ ነው? አብዛኛው ሰው ረስቶ ካልሆነ፣ የሚያስታውሰው ስልክ የሚነካው የችግሩን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው።

ችግሩ ራሱ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት 1.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ደም ግፊት እንዳለባቸው ገልጿል። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስቱ የአንዱ ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም ነበር።

አፕ ሲባል የትኛው?

መጀመሪያ አንዱን ከመንገዱ እናስወግድ። ስልክ ብቻውን፣ ክንድ ላይ የሚጠለቅ መለኪያ ሳይኖር፣ ግፊት እለካለሁ ካለ አይታመንም። ከዓመታት በፊት በአሜሪካ በጣም ይሸጥ የነበረ እንዲህ ያለ አፕ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈትሹት ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ከአምስቱ ሰዎች አራት ያህሉን "ደህና ነህ" ይል ነበር። ደህና ነህ የተባለ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ለማቆም ሌላ ምክንያት አይፈልግም። አፑ ከገበያ ወጥቷል፤ ተመሳሳዮቹ ግን ዛሬም በነጻ ይወርዳሉ።

የቀሩት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ማስታወሻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፣ "ወሰድኩ" የሚለውን ሲጫኑ ይመዘግባል። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ካለ የግፊት መለኪያ ጋር ተያይዞ ቁጥሩን ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ይልካል። ሦስተኛው ታካሚው ስልክ ላይ ጭራሽ የለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ነርሷ እጅ ላይ ነው። ብዙ የሚወራለት የመጀመሪያው ነው። የተሻለ ውጤት የታየው ግን በኋለኞቹ ዙሪያ ነው።

መርሳት ወይስ ማቆም?

የመድኃኒት ዕቃው ክዳን ላይ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ ይገጠማል። ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ቺፑ ቀንና ሰዓቱን ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ የ4783 የግፊት ታካሚዎች መረጃ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ውጤቱ ሁለት ነገር ያሳያል። መድኃኒቱን ከቀጠሉት ሰዎች መካከል በማንኛውም ቀን የሚዘለለው ክኒን 10 በመቶ ያህል ነበር። ይህ መርሳት ሊባል ይችላል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ አቁመዋል።

አንድ ቀን የዘለለ ሰውና ያቆመ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን አላርም ይረዳዋል። ሁለተኛው አላርሙን ያጠፋዋል።

ለምን ያቆማል? ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ክኒኑም ሲዋጥ የሚሰማ ለውጥ የለውም። ራስ ምታት ያስወሰደው ሰው ራስ ምታቱ ሲተወው "ድኛለሁ" ይላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ 120 በ80 ሲባልማ ይበልጥ ያምናል። ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ እንጂ በሽታው ስለጠፋ እንዳልሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

የጎንዮሽ ጉዳትም አለ። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል። ጫማ ሲጠብባቸው "ኩላሊቴን ነካኝ" ብለው ይደነግጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከኩላሊት ጋር አይገናኝም። ሌላው የግፊት ክኒን ኢናላፕሪል አንዳንዶች ላይ የማይለቅ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሰውየው ጉንፋን ነው ብሎ ዝንጅብል ሲያፈላ ይከርማል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ለዚህ ግን ለባለሙያ መናገር ያስፈልጋል። ሰው ሳይናገር ነው የሚያቆመው።

ዋጋና አቅርቦትም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት "አልቋል" ከተባለ ብዙ ጊዜ ከውጭ በራሱ ብር ይገዛል። የወሩን ክኒን ለሁለት ወር ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለለ የሚውጠውን ሰው "ረሺ" ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን የሚያቆምም አለ። በዚህ ላይ የሃይማኖት አባቶችና ሐኪሞች ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ደጋግመው ቢናገሩም ልማዱ አልጠፋም።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ቁጥሮቹን ለመረዳት አንድ መለኪያ እንያዝ። ግፊት የሚለካው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚባል አሃድ ነው። እዚህ ለአጭሩ "ነጥብ" እንበለው። 140 በ90 ሲባል 140ው የላይኛው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ እንዳሳየው፣ የላይኛው ቁጥር በ5 ነጥብ ሲወርድ የልብ ድካም፣ የስትሮክና የመሳሰሉት ከባድ አደጋዎች በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ስለዚህ 5 ነጥብ ትንሽ አይደለም።

ሜዲሴፍ የሚባለው የታወቀ የማስታወሻ አፕ በአሜሪካ በ411 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ግማሹ አፑ ተሰጠው፤ ግማሹ አልተሰጠውም። ከ12 ሳምንት በኋላ አፑን የያዙት "መድኃኒቴን በደንብ እወስዳለሁ" በማለት ጥቂት በልጠው ተገኙ። ግፊታቸው ግን? በአፑ ቡድን በ10.6 ነጥብ ወረደ፤ አፕ በሌለው ቡድን በ10.1። ልዩነት የለም ማለት ነው። ሁለቱም ቡድኖች የቤት መለኪያ ተሰጥቷቸው ነበር። ሰው ራሱን መለካት ሲጀምርና እየተጠና መሆኑን ሲያውቅ ይጠነቀቃል። አፑ ከዚያ በላይ የጨመረው ነገር አልታየም።

የአፕ ደጋፊዎች እዚህ ላይ መልስ አላቸው። 12 ሳምንት አጭር ነው ይላሉ። የግፊት ለውጥ ያልታየው መድኃኒቱ ራሱ በቂ ስላልነበረ ሊሆንም ይችላል። ሁለቱም ተገቢ ነጥቦች ናቸው። ግን "ወሰድኩ" የሚለውን መጫንና መዋጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑም መርሳት የለብንም። አላርሙን ዝም ለማሰኘት ቀላሉ መንገድ "ወሰድኩ" ማለት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ነው። በኬፕ ታውን 1372 ታካሚዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የሚያስታውስና የሚመክር አጭር የጽሑፍ መልእክት ደረሰው። ሁለተኛው መልስ መስጠትና ቀጠሮ መቀየር የሚያስችል መልእክት ደረሰው። ሦስተኛው እንደወትሮው ታከመ። ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ተራ ሞባይል ይበቃል። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ግፊት ከሦስተኛው በ2.2 ነጥብ ዝቅ አለ። ያ ሁሉ ቴክኒክ የተጨመረበት ሁለተኛው ቡድን አልበለጠም፤ ልዩነቱ 1.6 ነጥብ ነበር፣ እሱም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል። 2.2 ነጥብ ለአንድ ሰው ብዙም አይታወቅም። የአንድ መልእክት ዋጋ ግን ሳንቲም ነው፤ ለመቶ ሺዎች ሲላክ ድምሩ ሌላ ነው። እንደ መንግሥት ለሚያስብ ሰው ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም።

ትልቁ ቁጥር የመጣው ከስልኩ ጀርባ ሰው ሲኖር ነው። በአሜሪካ ሚኔሶታ 450 ታካሚዎች ተሳትፈው ነበር። የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ቤታቸው ይለካሉ፣ ቁጥሩ በመስመር ለፋርማሲ ባለሙያ ይደርሳል፣ ባለሙያው እየደወለ ያነጋግራቸዋል፣ መድኃኒቱንም ያስተካክላል። በስድስት ወር ውስጥ ግፊታቸው እንደወትሮው ከሚታከሙት በ10 ነጥብ ያህል ዝቅ አለ። በእንግሊዝ 1182 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። እዚያም ሐኪሞቹ ታካሚው ቤቱ የለካውን ቁጥር አይተው መድኃኒት ሲያስተካክሉ በዓመቱ 3.5 ነጥብ፣ ቁጥሩ በስልክ ሲላክላቸው ደግሞ 4.7 ነጥብ ቅናሽ ታይቷል። የሚኔሶታው ግን አንድ የሚያስተክዝ ጭራ አለው። የፋርማሲ ባለሙያው መደወል ካቆመ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ጠፍቷል።

"ሁለት ሰዓት" ስንት ሰዓት ነው?

አፕ እዚህ አገር ሲመጣ የሚገጥመው ሌላ ፈተና አለ። በዓለም የታወቁት የማስታወሻ አፖች የኛን ሰዓት አስበው አልተሠሩም። እማማ "ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምውጠው" ይላሉ። የሚሞላላቸው ልጅ ካልተጠነቀቀ 2:00 ብሎ ይሞላል። ስልኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን ይቀሰቅሳል። በማግስቱ አፑ ይጠፋል። ቀጠሮውም እንዲሁ ነው። ካርዱ ላይ "ጥር 12" ተጽፏል፤ አፑ የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን ሲመጣማ ሂሳቡ ይበልጥ ይዛባል። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ አንድ አፕ ስልክ ላይ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው።

ጾም ደግሞ ጥቃቅን አይደለም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው አለ። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚጮኽ አላርም ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ለቀረው ጊዜ፣ ወይም ለአንድ ወር፣ በየቀኑ "አልወሰድክም" ሲል ይከርማል።

ደግነቱ ሳይንሱ እዚህ ላይ ለቀቅ ያለ ነው። በእንግሊዝ 21,104 ሰዎች ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ማታ የግፊት መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ተደርጎ ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት በልብ ድካም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። በባዶ ሆድ አይዋጥም የሚባለውም ለአብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች አይሠራም፤ አምሎዲፒን ከምግብ በፊትም በኋላም ይወሰዳል። ሽንት የሚያበዛው ግን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል፣ በጾም ቀን ደግሞ ከውሃ ጥም ጋር ተደማምሮ ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ለውጡ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። "ጾም ነኝ" የሚል አንድ ቁልፍ ያለው አፕ ቢሠራ፣ ከብዙ ያሸበረቀ ግራፍ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

የቤት መለኪያውም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ቤት ያለው መለኪያ ከውጭ የተላከ፣ ወይም በሻንጣ የመጣ ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ክንድ ላይ እንደሚጠለቀው አይታመንም። ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ከቡና በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ ወዲያው የተለካ ቁጥር ሐኪሙ ጋ ቢደርስ መድኃኒት ሊያስጨምር ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። አፑ ላይ ትናንት ያመለጠው ክኒን በቀይ ሲታይ፣ አንዳንዱ ዛሬ ሁለት ይውጣል። ይህ ግፊትን ከሚገባው በታች ጥሎ ሊያዞርና ሊጥል ይችላል። ያመለጠው ያው አመለጠ፤ ዛሬ የዛሬው ብቻ ነው የሚወሰደው።

መረጃው የት ይሄዳል?

ሰው መድኃኒቱን ሲመዘግብ በሽታውን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከመድኃኒት ጋር የተያያዙ 24 አፖችን ፈትሾ 19ኙ የተጠቃሚ መረጃ ለሌሎች እንደሚያካፍሉ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጉድአርኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሰዎችን የመድኃኒት መረጃ ለፌስቡክና ለጎግል አሳልፏል ተብሎ ተከሶ፣ ጥፋቱን ባያምንም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ አለ። መረጃው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያስፈጽመው ግን ገና በተግባር የሚታይ ነው። ስልኩን ቤተሰብ በጋራ በሚጠቀምበት ቤት ደግሞ አንድ የጽሑፍ መልእክት ራሱ ሚስጥር ሊያወጣ ይችላል።

ነርሷ እጅ ላይ ያለው

ሲምፕል የሚባለው አፕ የታካሚ አይደለም። ሪዞልቭ ቱ ሴቭ ላይቭስ የተባለው ድርጅት የሠራው ሲሆን በሕንድ፣ በባንግላዴሽ፣ በስሪላንካና በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ሥራ ላይ ውሏል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታካሚው ኮድ ያለበት ትንሽ ካርድ ይይዛል። ነርሷ ኮዱን በስልኳ ካሜራ ታነሳዋለች፣ የዛሬውን ልኬትና የተሰጠውን መድኃኒት ትሞላለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይያዛል። ዋናው ጥቅሙ የሚታየው ታካሚው ሲቀር ነው። ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው ይወጣል፤ ነርሷ ትደውላለች። ቀድሞ መዝገብ ላይ ገጽ እየገለጡ ይፈለግ የነበረው፣ በተግባር ደግሞ የማይፈለገው፣ ያ ዝርዝር ነበር።

ከላይ ያየነው ግማሹ ሰው ሳይናገር ያቆማል የሚለው ችግር የሚያዘው እዚህ ነው። ያቆመ ሰው ምልክቱ አንድ ነው፤ ቀጠሮው ላይ አይመጣም። ሲደወልለት "እግሬ አበጠ" ይላል፣ ወይም "ብር አጣሁ"። ያኔ የሚሠራ ነገር አለ።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ ሰዎችን መድኃኒት ላይ ያቆየው የስልክ አፕ አልነበረም። ኤአርቲ በሚባሉት የኤችአይቪ መድኃኒት ክሊኒኮች የቀረውን የሚፈልጉ፣ የሚደውሉ፣ ቤት ድረስ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ። ኋላ ደግሞ የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ ተደረገ። በየወሩ ለክኒን ብቻ ከመመላለስ የሚገላግል ነገር ከማንኛውም አላርም ይበልጣል።

ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ለኤችአይቪ በአብዛኛው የውጭ ድጋፍ ነበረ። ለግፊት ያን የሚያህል ኪስ የለም። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለች ነርስ ዝርዝሩን ይዛ የምትደውለው በየትኛው ሰዓቷ፣ በማን ካርድ ነው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ክኒኑ መኖር አለበት። የ2025ቱ የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት መልስ ከሰጡት 25 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚመከሩት የግፊት መድኃኒቶች ሁሉ በአጠቃላይ ይገኛሉ ያሉት 7 ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል፤ 28 በመቶ መሆኑ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች 93 በመቶ ነው። ነርሷ ደውላ፣ ሰውየው የትራንስፖርት ከፍሎ፣ የቀን ሥራውን ጥሎ መጥቶ መስኮቱ ላይ "አልቋል" ከተባለ፣ በሚቀጥለው ወር ስትደውልለት ስልኩን ላያነሳው ይችላል።